ዝናብ ነው ወይስ ቁሌት?

«ጆሮ ለሰጠ» — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ድምፅ ድራማ ጥቂት ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ፈረንጆቹ የድሮውን የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ስልት ይዘው አዲስ እየሠሩ ነው፤ እኛም አምስት ሆነን በአማርኛ እየሞካከርን ነው፤ ብዬ ነበር። ያን ያህል ሰው የሚያነበው አልመሰለኝም። ደብዳቤው ግን ጎረፈ። የሚጠይቅ አለ፣ የሚቆጣም አለ። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ተለቋል።

ለማታውቁኝ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 22 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። አሁን ወገቤ እምቢ ስላለ ቁልፉን አስረክቤ ቁጭ ብያለሁ። ድራማውን የምንሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የወንድሜ ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ በልብስ ማጠቢያውና በማሞቂያው ማሽን መሀል። ባለሙያ አይደለሁም። ብዙ የሰማሁ ሰው ግን ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። የኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እልበታለሁ።

«ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ በስልኩ የእንግሊዝኛ ድራማ ይሰማል። በ1930ዎቹ ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ ጭምብል ያጠለቀ ጀግና ወንበዴ ያሳድዳል። አስተዋዋቂው እንደ ድሮ ሰው ነው የሚጮኸው። ከ80 ዓመት በፊት የተቀዳ መስሎኝ ተከራከርኩት። እሱ አዲስ ነው ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?» — ት.፣ ከሐዋሳ

ልጁ ነው ልክ። አንተም ግን አትፈር። እንዲመስልህ ተብሎ ነው የተሠራው።

የምትለኝ «ሬድ ፓንዳ» የሚባለው ይመስለኛል። ዲኮደር ሪንግ ቲያትር የሚባል የቶሮንቶ ቡድን ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ሲለቀው የኖረ ነው። ጸሐፊው ግሬግ ቴይለር ይባላል። የ1930ዎቹን የሬዲዮ ልብስ ከነባርኔጣው የለበሰ ሥራ ነው፤ ሙዚቃው፣ አስተዋዋቂው፣ ጀግናው አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ክፍሉ ማለቁ፣ ሁሉም።

በዚያው በ2005 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌላ ነገር ተጀመረ። «ስሪሊንግ አድቬንቸር አወር» ይሉታል። ተዋንያኑ መድረክ ላይ ማይክ ፊት ይደረደራሉ። ስክሪፕቱን በእጃቸው ይዘው ያነባሉ፤ ተመልካቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይስቃል። ማርስ ላይ የተሾመ የካውቦይ ማርሻል አለ፤ ሕግ አስከባሪ ማለት ነው። ከመናፍስት ጋር የሚያወሩ፣ መጠጥ ከእጃቸው የማይለይ ባልና ሚስት አሉ። ማስታወቂያም አለው፤ የሚያስተዋውቁት ቡናና ሲጋራ ግን በዓለም ላይ የለም፣ እነሱው የፈጠሩት ነው። ድሮ ድራማውን በገንዘብ የሚደግፈው ሸቀጥ አምራች ስለነበር፣ ማስታወቂያው ካልገባ ድሮ ድሮ አይሸትም።

ሦስተኛው «ዌልካም ቱ ናይት ቬል» ነው፤ በ2012 ጀመረ። አንዲት የበረሃ ከተማ አለች። አንድ ሰው በከተማዋ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀምጦ ዜና ያነባል። ዜናው ግን ጤነኛ አይደለም። እሱ ጉድ የሆነውን ነገር ሁሉ የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ ያነበዋል። «አሁን የአየር ሁኔታ» ይልና ዘፈን ይለቃል። በወሩ 1 እና 15 ቀን ይወጣል፤ እንደ አሜሪካ ደመወዝ።

የትኛው ይበልጣል ብትለኝ እኔ ለሦስተኛው አደላለሁ። የመጀመሪያው የድሮውን ልብስ ወሰደ። ሁለተኛው ከድሮው ጋር አብሮ ሳቀ። ሦስተኛው የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሌሊት ላንተ ብቻ የሚያወራ የሚመስል ድምፅ። በቀጠሮው ቀን የማይቀር ድምፅ።

«ወንድም ዓለም፣ እኔም እዚሁ ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ኡበር ነው የምነዳው። እንዲያው የሐበሻ ታክሲ ነጂ ከፈረንጅ የድሮ ድራማ ጋር ምን አገናኘው? እኛ ጂፒኤስ እንኳ ጠፍቶን...» — አንድ ሹፌር

እሁድ ማታ ነው ያገናኘን።

ሬገን ኤርፖርት፣ ያኔ ናሽናል ነበር የምንለው፣ የታክሲ ተራ ይዤ እቀመጣለሁ። እሁድ ማታ ተራው ረጅም ነው። ጓደኞቼ ካርታ ይጫወታሉ። እኔ ደግሞ ካርታ ላይ ሁሌ እሸነፋለሁ፤ ስለዚህ መኪናዬ ውስጥ ሬዲዮ እነካካለሁ። አንድ ማታ 88.5 ላይ አንድ ሰው ወጪውን ሲዘረዝር ሰማሁ። የታክሲ ይህን ያህል፣ የሆቴል ይህን ያህል፣ የስልክ ይህን ያህል። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር፤ ሒሳብ ግን ይገባኛል። ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ጆኒ ዶላር» ነበር። የኢንሹራንስ መርማሪ ነው። ታሪኩን የሚተርከው ለቀጠረው የኢንሹራንስ ኩባንያ የወጪ ሒሳብ እንደሚያወራርድ ሰው ነው። አስከሬን ያገኛል፣ ቀጥሎ የታክሲውን ዋጋ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ጠቅላላ ድምሩን ተናግሮ ይፈርማል። እኔም ማታ ማታ የቤንዚን ደረሰኝ ስደምር ስለምውል ዘመዴ ሆነ። በ1955 እና 56 ይህ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይመጣ ነበር፤ አብዛኛው ታሪክ በአምስት ቀን ያልቃል። ተከታታይ ድራማ እንዴት እንደሚቆረጥ መማር የሚፈልግ ሰው ያንን ይስማ። አራት ጊዜ ያንጠለጥልሃል፤ ዓርብ ግን ያወርድሃል።

ፕሮግራሙ «ቢግ ብሮድካስት» ይባላል። ከ1964 ጀምሮ የድሮ የሬዲዮ ድራማዎችን ከማህደር እያወጣ የሚያሰማ ነው። በኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 እስከ 5። እኔ በሰማሁበት ዘመን አቅራቢው ኤድ ዎከር ነበር። ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ከድምፁ እንዴት ታውቃለህ? ይልቅ ሁሉን የሚያይ ነበር የሚመስለኝ።

በ2015 ታመመ። የመጨረሻ ፕሮግራሙን ሆስፒታል ሆኖ ቀዳው። ኦክቶበር 25፣ እሁድ ማታ ተላለፈ። እኔ ተራ ላይ ነበርኩ። ሲሰናበት ተራዬ ደረሰ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ጡሩምባውን ነፋ። በእጄ እለፍ አልኩት። የሚቀጥለውንም እለፍ አልኩት። ፕሮግራሙ ከተላለፈ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ኤድ ዎከር አረፈ። ጠዋት ዜናውን ስሰማ ያላለቀሰ ሰው ይመስል መነጽሬን ጠረግሁ።

ይኸው ነው ያገናኘን፣ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ያለን ተማሪዎች ነን። ስድስት ነን። ስክሪፕት አለን፤ ሌላ ምንም የለንም። አንድ ስልክና አንድ ዶርም። የፈረስ ጋሪ፣ ዝናብ፣ እሳትና የመናኸሪያ ትዕይንት አለን። ድምፁን ከየት እናምጣ?» — ስድስቱ

እናንተ ልጆች ሀብታም ናችሁ። እኛ መጀመሪያ ስክሪፕት አልነበረንም፤ ማይክ ብቻ ነበር የገዛነው።

በድሮው ሬዲዮ ድራማው በአብዛኛው የሚተላለፈው በቀጥታ ነው። የድምፅ ባለሙያዎቹ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከተዋንያኑ አጠገብ፣ ጠረጴዛ ሙሉ ኮተት ይዘው ይቆማሉ። በረዶ ላይ መራመድ ሲያስፈልግ በከረጢት ያለ የበቆሎ ስታርች ይጨምቃሉ። እሳት ሲያስፈልግ ሴሎፎን ያጨማድዳሉ። ነጎድጓድ የተንጠለጠለ ስስ ቆርቆሮ ነው። ፈረስ ሁለት የኮኮናት ቅርፊት ነው። እንግዲህ ይህን ወደ ባሕር ዳር አምጡት። የብስኩት ላስቲክ እሳት ይሆናችኋል። ቆርቆሮ አላችሁ። ምስር ሰፌድ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ብታንከባልሉ ሐይቅ ዳር ያስመጣል፤ ሐይቁ ራሱ ቢኖራችሁም ማለት ነው። የእውነተኛ ማዕበል ድምፅ በስልክ ሲቀዳ እንዴት እንደሚያሳፍር ታዩታላችሁ።

ለፈረሱ ቅል ሞክሩ። ለሁለት የተሰነጠቀ ደረቅ ቅል፣ አፈር በሞላ ካርቶን ላይ። ጠረጴዛ ላይ ብትመቱት ፈረሱ ቢሮ የገባ ይመስላል። አፈሩን አትርሱ።

አሁን የዝናቡን ጉድ ልንገራችሁ። እኛም ሁለተኛው ክፍል ላይ ዝናብ ነበረን። የሜሪላንድን ዝናብ ሦስት ቀን ጠብቄ በረንዳ ላይ ቀዳሁት። ስንሰማው ጣቢያ የጠፋበት ሬዲዮ ነው። ሹሹሹ ብቻ። ተበሳጭተን ንግግሩን ብቻ ለመቅዳት ተቀመጥን። ስንጨርስ ብንሰማው ከንግግሩ ጀርባ የሚያምር ዝናብ አለ! ጠብ ጠብ ይላል፣ ይወፍራል፣ ይሳሳል። ለካስ የወንድሜ ልጅ ሚስት ፎቅ ላይ ሽንኩርት ጥዳ ነበር። የደረጃው በር ክፍት ነው። የዝናባችን ምንጭ ቁሌት ሆኖ ተገኘ።

ደስ ብሎን ለሁለት ሰው አሰማን። አንዱ ጓደኛዬ «ዝናቡ ግሩም ነው» አለ። ሁለተኛዋ ሽንኩርቱን የጣደችው ልጅ እናት ናት። ትንሽ ሰምታ «ኧረ ሽንኩርቱ አረረ» አለች።

ትምህርቱ ለኔ እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ብቻውን ምንም አይደለም። ሰሚው ነው ስም የሚያወጣለት። እናም ስሙን ቀድማችሁ ሹክ ማለት አለባችሁ። እኛ ትዕይንቱን እንደገና ስንሠራ ከዝናቡ በፊት አንዲት መስመር ጨመርን፦ «ኧረ ግቢ፣ ልትበሰብሺ ነው!» ከዚያ በኋላ ቁሌት ያለ ሰው የለም። ያቺው ሴትዮ ራሷ «አሁን ገና ዘነበ» አለች። ያው ድምፅ ነው፣ ምንም አልነካነውም።

ስለዚህ ድምፅ አታብዙ። ለአንድ ትዕይንት ቦታውን የሚነግር አንድ፣ የሆነውን የሚነግር አንድ ካለ ብዙ ጊዜ ይበቃል። መናኸሪያ ለማሳየት 40 አውቶቡስ አያስፈልግም። አንድ ረዳት ከሩቅ «ሞላ! ሞላ!» ካለ ሰሚው ቀሪውን ያመጣዋል፤ ጭሱን ሳይቀር፣ ብርቱካን ሻጯን ሳይቀር። እሱ የሚያመጣው መናኸሪያ እናንተ ከምትቀዱት ይበልጣል፤ የልጅነቱ መናኸሪያ ነዋ።

«ገንስሞክ» የሚባል የካውቦይ ድራማ ነበር፣ ከ1952 እስከ 61 በሬዲዮ። ታክሲ ውስጥ በጣም የምወደው እሱን ነበር። ሰውዬው በእንጨት ወለል ላይ ይራመዳል። ጫማው ላይ ያለው ብረት ይንኳኳል። ቆም ይላል። ማንም አያወራም። በሩ ይከፈታል። አሁንም ማንም አያወራም። ያን ጊዜ መሪዬን አጥብቄ ይዣለሁ፣ መኪናው ግን ቆሟል። የዛሬ ሠሪዎች ዝም ማለትን ይፈራሉ፤ ሰሚው ጥሎን ይሄዳል ብለው ሙዚቃ ይጠቀጥቁበታል። እናንተ እንዳትፈሩ።

ስለ ቀረጻ ባጭሩ፦ ዶርሙ ባዶ ግድግዳ ስለሆነ ያስተጋባል። ቁምሳጥን ክፈቱና ልብሱ መሀል ስልኩን አስቀምጡ፤ ከኋላችሁ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስልኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። «ፐ» ማይክ ላይ ትነፋለች። «ቀ» እና «ጠ» ደግሞ እንደ ክብሪት ይፈነጥራሉ። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ ችግሩ የነሱ አይደለም።

«ድራማዬ የድሮ እንዲመስል የ‹ክርክርታ› እና የ‹ፉጨት› ድምፅ ከኢንተርኔት አውርጄ ልጨምርበት?» — ዮ.፣ ከአዳማ

አትጨምር።

እሺ፣ ምክንያቱን ልንገርህ። ያ ክርክርታ ስቱዲዮው ውስጥ አልነበረም። ድራማው ለማስቀመጫ የተቀዳበት ትልልቅ ሸክላ ሲያረጅ ያመጣው ነው። በ1940 ሬዲዮኑ ፊት የተቀመጠ ቤተሰብ ያንን የሸክላ ክርክርታ አልሰማም። አንተ የምትኮርጀው የሸክላውን እርጅና እንጂ ድራማውን አይደለም። የኛ ፉጨት ደግሞ ሌላ ነው። አጭር ሞገድ ከሩቅ ሲመጣ፣ ድንጋዩም ሊሞት ሲል፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን ደግመን ስንከተው የነበረው ነው። ያኔ ፉጨቱን ረግመነዋል። ደስ የሚለን ያንን ሁሉ አልፎ የሚመጣው የሰው ድምፅ ነበር።

«ጋሼ፣ ዱባይ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት። ልብስ ስተኩስ በጆሮዬ ድራማ እሰማለሁ። አንድ የአማርኛ ድራማ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ነበር። ይኸው ዓመት አለፈ። ሰው እንዲህ ይደረጋል?» — እህትህ

አይደረግም፣ እህቴ።

ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ የከነከነኝ ያንቺው ነው። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ እኔም ማወቅ ፈለግሁ።

ይህ የዘመኑ ድራማ ትልቁ በሽታ ነው፤ እዚህም አሜሪካ ያው ነው። መጀመር ቀላል ሆነ። ማይክ ርካሽ ነው፣ ጣቢያ መለመን የለም። ስድስት ክፍል በጉጉት ይሠራሉ። ከዚያ አንዱ ሥራ ይቀይራል፣ አንዷ ትወልዳለች፣ ብር ያልቃል። ማንም ወጥቶ «ቆሟል» እንኳ አይልም።

ከድሮው መኮረጅ የነበረባቸው ይህን ነበር። «ማ ፐርኪንስ» የሚባል የአሜሪካ ድራማ ነበር። የእንጨት መሸጫ ያላት የአንዲት ባልቴት ታሪክ ነው፤ ኦክሲዶል የሚባል የልብስ ሳሙና ነበር የሚደግፈው። የዚህ ዓይነት ድራማ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ በሳሙና ስም፣ «ሶፕ ኦፔራ» ተብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ሰሚዎቹ ያንቺው ዓይነት፣ እጃቸው ሥራ ላይ ያለ ሴቶች ነበሩ። ከ1933 እስከ 1960፣ በሳምንት አምስት ቀን። ከ7 ሺህ ክፍል በላይ ተላለፈ። ቨርጂኒያ ፔይን የምትባል ተዋናይት በ23 ዓመቷ አሮጊቷን መጫወት ጀመረች። 27 ዓመት አንድም ቀን አልቀረችም። አስቢው፤ አሮጊት ሆና ጀምራ ወደ እርጅናዋ እየቀረበች ጨረሰች።

ድራማው ጥሩ ነበር ወይ ካልሽኝ፣ ብዙው ቀን ምንም አይሆንበትም። ሰው ይጠያየቃል፣ ቡና ይጠጣል። ግን በሰዓቱ ይመጣል። አንድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ለምትተኩስ ሴት በሰዓቱ የሚመጣ ሰው ማለት ምን እንደሆነ እኔ ላንቺ አልነግርሽም።

ያን ድራማ ለሠሩት ልጆች በዚህ ገጽ መልእክት አለኝ። ስማችሁን አላወጣም። መቀጠል ካልቻላችሁ አንዳችሁ ስልኩን አንሱና ደብዳቤውን አንብቡልን። ሦስት ደቂቃ ነው።

«በአሜሪካ አንድ ጊዜ በሬዲዮ ድራማ ሕዝቡ ሁሉ አገር ጥሎ ሸሸ የሚባለው እውነት ነው?» — በ.፣ ከደሴ

ግማሹ። ኦክቶበር 30፣ 1938 ነው። ኦርሰን ዌልስ የ23 ዓመት ልጅ ነበር። ከማርስ የመጡ ፍጡሮች ኒው ጀርሲን ወረሩ የሚል ድራማ በዜና መልክ አቀረበ። የደነገጡ ነበሩ። «ሕዝቡ ሁሉ» የሚለው ግን የጋዜጦቹ ማጋነን ነው። በዚያው ምሽት 5 ሺህ ቤት በስልክ ተጠይቆ፣ ፕሮግራሙን እየሰማሁ ነው ያለው 2 በመቶ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሌላ ጣቢያ ላይ፣ አፉን ሳያንቀሳቅስ በአሻንጉሊት የሚናገር ቀልደኛ እየሰማ ነበር። በሬዲዮ! አፉ ቢንቀሳቀስስ ማን ያየዋል?

ድራማው ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ። ሪፖርተሩ ከሜዳው ላይ እያወራ በድንገት ይቋረጣል። ከዚያ ዝም ነው። ሬዲዮ ዝም ሲል ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ፤ እኛ አገርማ የበለጠ እናውቃለን። ሪፖርተሩን የተጫወተው ፍራንክ ሬዲክ ለመለማመድ በ1937 ሂንደንበርግ የተባለችው አየር መርከብ ስትቃጠል የተቀዳውን የጋዜጠኛ ድምፅ ደጋግሞ ሰምቷል። በ2015 የወጣው «ላይምታውን» የሚባል የኢንተርኔት ድራማም በዚሁ በዜና መልክ የተሠራ ነው። ከ300 በላይ ሰው የጠፋባትን ከተማ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ትመረምራለች። እሱን ሌሊት ብቻህን ሆነህ አትጀምር።

«የፈረንጅ ስም ሲደረድሩ አነበብኩ። እኛ የራሳችን የሬዲዮ ድራማ እያለን! አገርዎን ረሱት መሰለኝ።» — ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ

መምህር፣ ቁጣዎ ይገባኛል። አልረሳሁም። እንዲያውም የኔ ጆሮ የተከፈተው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ያለው ቤት በር ላይ እንቆም ነበር። እሱ ግን ትረካ ነው፤ አንድ ሰው ሁሉንም ይሆናል። ድራማ ላይ የሚተርክልዎ ላይኖር ይችላል፤ ራስዎ ጆሮ ጠቢ ሆነው ነው የሚደርሱበት። ይህን የምለው ላስተምርዎ ሳይሆን ለልጆቹ ብዬ ነው። ቅድም ያነሳሁት «ናይት ቬል» ራሱ ከድራማው ይልቅ ለትረካው ይቀርባል። የፈረንጅ ልጆች እንደ አዲስ ያገኙትን ወንበር ወጋየሁ ድሮ ተቀምጦበታል።

ተከታታይ ድራማ ካሉ ደግሞ «የቀን ቅኝት» አለ። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም.፣ 257 ክፍል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የሚባል ድርጅት ነው ያሠራው። ስለ ኤች.አይ.ቪ.ና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር የተሠራ ነው፤ ግን ማን እንደ ትምህርት ሰማው? ስልቱን በ1970ዎቹ በቴሌቪዥን ድራማ የጀመረው ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ሜክሲኳዊ ነው። ጥሩ ሰው አለ፣ መጥፎ ሰው አለ፣ መሀል ላይ የሚንገዋለል ሰው አለ። ሰሚው ራሱን የሚያየው በመሀለኛው ነው። ክፍሉ ሲያልቅ አንድ ድምፅ መጥቶ መልሱን ሳይነግር ጥያቄ ጥሎ ይሄዳል። ለዚህ ድራማና በአፋን ኦሮሞ ለተሠራው እህቱ ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ከሰሚው መጥቷል። በብዕር የተጻፈ፣ ቴምብር የተለጠፈበት።

እኔ ያኔ ዲሲ ነበርኩ። እህቴ ሬዲዮኑ አጠገብ ቴፕ አስቀምጣ ትቀዳና ሰው ሲመጣ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር ትልክልኛለች። ካሴቱ በርበሬ በርበሬ ይላል። ድራማው መሀል የጎረቤት ሙቀጫ ይሰማል። የኛ ውሻ ይጮኻል። አንዴ እናቴ «ማነው በሩን ክፍት የተወው?» ስትል ተቀድታለች። እንግዲህ መምህር፣ እኔ ከድራማው ውስጥ አሁን በደንብ የማስታውሰው ያንን ነው። እናቴ ተዋናይት ሆና ቀረች።

ካሴቶቹ በሦስት ሳምንትም በሁለት ወርም ይመጡ ነበር፤ ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቁ። የሞተ ሰው በሚቀጥለው ካሴት ሲያገባ ሰምቻለሁ።

«የእናንተ ድራማ መቼ ይወጣል? ብዙ አወራችሁ እኮ!» — ለ.፣ ከሚኒያፖሊስ

እውነትሽን ነው።

12 ክፍል ነው። የመጨረሻውን ክፍል መጀመሪያ ጽፈነዋል። የዱባዩዋን እህት ደብዳቤ ካነበብን ወዲህ ደግሞ 12ቱም ሳያልቅ አንድም ላንለቅ ተስማምተናል። አሁን ዘጠነኛው ላይ ነን። የዘገየው እናትየዋን የምትጫወተው ወይዘሮ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለገባች ነው። ድምፅዋ ደክሞ ይመጣል። እናትየዋ ግን በዘጠነኛው ክፍል ታማለች፤ ስለዚህ ለአሁኑ ተመቸን።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እንቀዳለን። ማሞቂያው ስለሚጮኽ እናጠፋዋለን፤ ጋቢ ይዛችሁ ኑ ተብለናል። ፎቅ ላይ እስክንጨርስ ሽንኩርት አይጣድም። አሥረኛው ክፍል ላይ ግን ይዘንባል። ለዚያ ቀን ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እኔ ነኝ የምገዛው።